ብሩ በዛ፣ መደርደሪያው ሳሳ

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከጅማ ነው። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ቢሺሼ አካባቢ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከከፈትኳት ስድስት ዓመት ሆናት። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዳይፐር፣ ደብተር፣ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ እይዛለሁ። ዕቃዬ የሚመጣው ከአዲስ አበባ መርካቶ ነው። ድሮ መኪናው በሳምንት ሁለቴ ይገባ ነበር። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። አንድ ጊዜ 11 ቀን ሙሉ ጠፋብኝ። የገረመኝ ደግሞ በቀን የምሸጠው ብር ጨምሯል። እንዲህ ሸጬ አላውቅም። መደርደሪያዬ ግን እየሳሳ ነው። ማን እንደሚወስድብኝ ግራ ገብቶኛል። የሱቅ ረዳቴን ልጠረጥር ምንም አልቀረኝም። ሰው እጅ 38 ሺህ ብር ዱቤ አለኝ። ዕቁብም እጥላለሁ፣ ዕጣዬ ገና አልወጣም። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ‹ዘግተሽ ብሩን ባንክ አስገቢው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሞኝ አትሁኚ፣ ዘይት ገዝተሽ ደብቂ› ትለኛለች። ታፔላዬም ደብዝዞ ላስቀባው አስቤ ነበር። እርስዎ ምን ይሉኛል? ባለሱቋ፣ ከጅማ።»

እህቴ፣ «ጋሼ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

በመጀመሪያ ረዳትሽን ተዪው። ልጁ ምንም አላደረገም። ሌባውን አውቀዋለሁ፤ እኔንም እዚሁ ጅማ ሕርማታ መርካቶ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ዘርፎኛል።

እስኪ ከእኔ ጋር አስዪው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ካርቶን ሳሙና በ1,000 ብር ገዛሽ እንበል። በ1,150 ሸጥሽው። 150 ብር አተረፍኩ ትያለሽ። 10 ካርቶን ስለነበረሽ 11,500 ብር እጅሽ ገባ። 1,500 ብሩን ለቤት አወጣሽ። ትርፍ ነው፣ መብትሽ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም። ከዚያ 10 ሺውን ይዘሽ አከፋፋዩ ጋ ደወልሽ። «ዛሬ 1,250 ገብቷል» አለሽ። በ10 ሺህ ብር 8 ካርቶን ብቻ መጣልሽ።

ሁለቱ ካርቶን የት ሄደ? ማንም አልሰረቀሽም። በላችሁት። በሽሮና በበርበሬ መልክ ቤት ገብቷል።

ሁለተኛውን ዙር ደግሞ እዪ። 8ቱን ካርቶን በ1,400 ሸጥሽ፣ 11,200 ብር ሆነ። እንደ ልማድሽ በካርቶን 150 ትርፍ ብለሽ 1,200 ብር አወጣሽ። 10 ሺህ ቀረሽ። ስትደውዪ ዋጋው 1,500 ሆኗል። አሁን ብሩ 7 ካርቶን እንኳ አይሞላም። ደብተርሽን ብታገላብጪው ኪሳራ የሚባል ነገር የለም። 10 ሺህ ብርሽ አለ፣ ሳንቲም አልጎደለም። እንዲያውም ዋጋው ስለጨመረ በቀን የምትቆጥሪው ብር በዝቷል። ሱቁ ግን አንድ ሦስተኛው ተበልቷል። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ይኸው ነው፤ ስሙን ነው ያላወቅሽው። የዋጋ ንረት ይባላል፤ ሌባው እሱ ነው።

ጅማ ከተማ ተኩስ ሳንሰማ ጦርነቱ እንዴት ሱቅሽ ገባ ብትዪ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ነው የገባው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰበታ፣ በወልቂጤ፣ ጊቤን ተሻግሮ በሰኮሩ። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ችግር ካለ ሾፌሩ ያድራል፣ ነዳጁ ይወደዳል፣ የጭነቱ ኪራይ ይጨምራል። ያ ሁሉ ተደማምሮ አንቺ ሳሙና ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሱቅሽን በብር መቁጠር ተዪ። በካርቶን ቁጠሪው። ረቡዕ ማታ፣ የሐሙስ ገበያ ሳይደርስ፣ በሩን ዝጊና ደብተር ያዢ። ሁሉንም ዕቃ መቁጠር አይጠበቅብሽም፤ ያደክምሽና በሦስተኛው ሳምንት ትተዪዋለሽ። ሰው በየቀኑ የሚጠይቅሽን አሥሩን ብቻ። ዘይት ይህን ያህል ሊትር፣ ስኳር ይህን ያህል ኪሎ፣ ሳሙና ይህን ያህል ካርቶን። በቀጣዩ ረቡዕ ከጎኑ ጻፊ። ዕቃው ወይም ዕቃውን የሚገዛው ብር ካልጎደለ ሱቅሽ ቆሟል። ከጎደለ እየበላሽው ነው።

ለቤት የምታወጪውም ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ በዛሬ ዋጋ ይተካ። ከዚያ የተረፈው ትርፍ ነው፤ እሱን ብዪ። ምናልባት ከለመድሽው ግማሽ ይሆናል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባለቤትሽ መምህር ነው፣ ደመወዝ አለው። ለጥቂት ወራት ቤቱ በሱ ደመወዝ ላይ ጠበቅ ብሎ ቢቆም ይሻላል። እሱ ሂሳብ አስተማሪ ከሆነ ከላይ ያለውን ስሌት አሳዪው፣ እኔ ከምነግረው በላይ ይገባዋል።

ዋጋውስ? የምትሸጪበትን ዋጋ ድሮ በገዛሽበት አታስዪ፣ መልሰሽ በምትገዢበት አስዪ። ጠዋት ሱቅ ከመክፈትሽ በፊት አከፋፋዩ ጋ ደውዪ። ዋጋ ከተለወጠ ያኔውኑ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። በአንድ ቀን ሁለቴ አትለውጪ፤ ጠዋት በ60 የገዛች ሴት ጎረቤቷ ማታ በ70 ስትገዛ ከሰማች ነገሩ ሰፈር ያዳርሳል። ደረሰኝሽንም አስቀምጪ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ለውጥ ሲታወጅ ያለ አግባብ ዋጋ ጨምራችኋል ተብለው ስንት ሱቆች እንደታሸጉ አይተሻል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «በዚህ ገዝቼ በዚህ ሸጥኩ» የሚል ወረቀት ካለሽ ንግግሩ አጭር ይሆናል። ከሌለሽ ይረዝማል።

ሰውም እኮ የድሮውን ያህል መግዛት አልቻለም። ሚዛን አለሽ፤ ስኳሩን በሩብ፣ ዘይቱን በግማሽ ሊትር ሽጪ። ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ደንበኛ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ዱቤው ልምጣ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም የጅማ ዱቤ የራሱ ጠባይ አለው።

እኛ ጋ ዱቤ የሚሄደው በቡና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው እጅ ብር የለም። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ሰው በዱቤ ይበላል። ጥቅምት ላይ ቡናው ይቀላል። ኅዳርና ታኅሣሥ እሸቱም፣ ከነገለባው የደረቀው ጀንፈሉም ይሸጣል፣ ዕዳም ይከፈላል። ቡና የሌለው የከተማ ሰው እንኳ ከባለቡናው ነው የሚያገኘው፤ ጫኝና አውራጁም፣ ለቃሚዋም፣ ባለባጃጁም። አባቶቻችን በዚህ አቆጣጠር ኖረዋል። ሠርቶላቸዋልም። የሠራላቸው ግን ሰኔ ላይ አሥር ሳሙና ያበደረ ባለሱቅ ኅዳር ላይ በተከፈለው ብር መልሶ አሥር ሳሙና ይገዛ ስለነበር ነው። ዘንድሮ አምስት ወር ጠብቀሽ የሚመጣልሽ ብር ሰባት ሳሙና ላይገዛልሽ ይችላል። ደንበኛሽ አልካደሽም። ቃሉን ጠብቆ ከፍሎሻል። አንቺ ግን ከስረሻል።

ታዲያ በዕዳው ላይ ጨምሬ ላስከፍል ትዪ ይሆናል። ተይ፣ አይሆንም። ጅማ ውስጥ በተሰጠ ዕዳ ላይ ጭማሪ መጠየቅ ወለድ ነው፣ ሐራም ነው የሚል ደንበኛሽ ብዙ ነው። ልክም ነው። በተስማማችሁበት ዋጋ ተስማምታችኋል። መነካት ያለበት ዋጋው ሳይሆን ቀኑ ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ደመወዝ እስኪገባ ድረስ ብቻ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ እስከ ቅዳሜ። ቡና የሚጠብቀው ደግሞ ግማሹን እጅ በእጅ፣ ግማሹን በዱቤ፤ የቆየውን ሳይከፍል በላዩ አዲስ አይጨመርለትም። ይህን ለሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ንገሪ። ለአንዱ ነግረሽ ለሌላው ዝም ካልሽ የተነገረው ሰው ይቀየምሻል፤ እውነቱን ነው።

38 ሺው እንዴት ይሰብሰብ? ደብተሩን ገልጠሽ እዪው። አርባ ሰው ላይ ተበትኖ ይሆናል፣ ግን ስትደምሪው ግማሹ ስድስት ሰባት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። የእኔም ደብተር እንደዚያ ነበር። የ120 ብር ባለዕዳ እያሳደድሽ አትድከሚ። ትልልቆቹ ጋ ሂጂ፣ ቤታቸው፣ ሰው በሌለበት። ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ዕዳ የተጠየቀ ሰው ሌላ ሱቅ መግዛት ይጀምራል። ገንዘብ የለኝም የሚልሽ የገጠር ደንበኛ እንቁላል አለው፣ ማር አለው፣ በቆሎ አለው። በዛሬ ዋጋ ተስማሙና ተቀበዪው። ሱቅሽ ውስጥ ሽጪው። በነገራችን ላይ ይህ ለዕዳው ብቻ አይደለም። መኪናው 11 ቀን ሲጠፋ መደርደሪያሽ ላይ ከዙሪያችን የመጣ ነገር ቢኖር ባዶ ሱቅ ከፍተሽ አትቀመጪም ነበር። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ የሚመጣው የጊቤን ድልድይ አይጠብቅም። ኮረሪማ፣ ማር፣ የበቆሎ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ከቴፒ በኩል የሚመጣው እርድና ቁንዶ በርበሬ። ትርፉ ትንሽ ነው። ግን ሰው ሱቅሽን ክፍት ሆኖ ያገኘዋል፣ እንቁላል ሊገዛ ገብቶ ክብሪትም ይገዛል።

አንድ ዓይነት ባለዕዳ ደግሞ አለ። ልጇ ግንባር ሄዶ ወሬው የጠፋባት እናት፣ ከተፈናቀሉ ዘመዶቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር። መጥታ ግማሽ ሊትር ዘይት ስትልሽ ምን ልትያት ነው? ትሰጫታለሽ። እኔም እሰጥ ነበር። ግን ዱቤ ብለሽ አትጻፊው። በወር ይህን ያህል ብዬ ለእግዜር ወይም ለአላህ ሰጥቻለሁ ብለሽ ቁጥሩን ቀድመሽ ወስኚ፤ 500 ይሁን 800፣ እንደ አቅምሽ። ከዚያ ላይ ስጪ። ሲያልቅ «የዚህ ወር አልቋል እናቴ» በያት። ዱቤ ብለሽ ከጻፍሽው አንቺ ብር አለኝ እያልሽ ትታለያለሽ፣ እሷም ሱቅሽ በር ላይ ማለፍ ታፍራለች።

ወደ ጎረቤትሽ ምክር ልለፍ። ዘይት ደብቂ ላለችሽ።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ወጣት ነጋዴ ነበርኩ። ብልጥ ነኝ ብዬም አምን ነበር። ያኔ የውጭ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ወደብ ነው፣ ብዙው ጨውም ከዚያው በኩል ነበር የሚመጣው። አሰብ ተዘጋ። ገበያው ሁሉ «ጨው ሊጠፋ ነው» አለ። የራሴን ብር፣ የሚስቴን ብር፣ ከወንድሜ የተበደርኩትን ጨምሬ 40 ኩንታል ጨው ገዛሁ። ጓዳ ውስጥ እስከ ጣሪያ ደረደርኩት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከሥሩ ጣውላ እንኳ አላደረግኩም።

ሰኔ ገባ። የጅማን ሰኔ ታውቂዋለሽ። ጨው ደግሞ ከአየሩ ውኃ ይስባል። ጆንያው ማላብ ጀመረ። ሐምሌ ላይ ከጓዳው በር ሥር ቀጭን ውኃ ሲወጣ አየሁ። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ መሰላል ተበድሬ ወጣሁ። ጣሪያው ደህና ነው። የሚፈሰው ብሬ ነበር። ያ ውኃ አጠገቡ የነበረውን ዱቄት አበላሸ፣ የሰርዲኑን ጣሳ አዛገ። አገሩ ደግሞ ዝም ብሎ አልጠበቀኝም። ዕቃው በጅቡቲ በኩል መግባት ጀመረ፣ የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። ጨው ተወደደ እንጂ አልጠፋም። እኔ ግን ሌላ የምሸጠው አልነበረኝም። ደንበኛ መጥቶ «ሳሙና አለ?» ሲለኝ «ጨው አለ» እላለሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ስትቀልድብኝ ወጥ ቀምሳ «ጨው አነሰው፣ አንተ ጋ አለ?» ትለኛለች።

ከዚያ የተማርኩት ጨው አትግዢ የሚል አይደለም። ብርሽን ሁሉ አንድ ዕቃ ላይ ካሰርሽው ዋጋው እንኳ ቢጨምር እስኪጨምር ድረስ ሱቅሽ ይሞታል። ሌላም አለ። እጥረት ያለበትን ዕቃ መደበቅ በሕግ ያስጠይቃል፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል። ጓዳሽ ተከፍቶ 30 ጀሪካን ዘይት ቢገኝ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ «ዘይት የለም» ካልሽ፣ የሚከላከልልሽ ሰው የለም። ደንበኛሽም አይምርሽም።

መጠባበቂያ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። መደርደሪያ ላይ ሽያጩ ሳይቋረጥ ጓዳ ውስጥ የሚተካ ማስቀመጥ የባለሱቅ ሥራ ነው። ምን ያህል? መኪናው የጠፋበትን ረጅሙን ቀን አንቺው ነግረሽኛል፣ 11። በቀን ስድስት ሊትር ዘይት የምትሸጪ ከሆነ ስድስት በ11፣ 66 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከሦስት ትንሽ ያልፋል፣ አራት ይሁን። በቃ። ከዚያ በላይ ፍርሃት ነው። ጓዳው ከአራት መጉደል ሲጀምር አዲስ እዘዢ፣ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ይህንንም ለአሥሩ ዕቃ ብቻ አድርጊው። ዳይፐር፣ ሻምፖ፣ ሽቶ፣ ያ ሁሉ ብር አስሮ የሚቀመጥ ነገር ሲያልቅ ይለቅ። ዳይፐር ፈላጊ ሲመጣ ያለውን ሱቅ ጠቁሚው፤ ነገ ውለታሽን ያስታውሳል። ዕቃውን ግን እባክሽ ጣውላ ላይ አድርጊው፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበል። የእኔ ጨው ምስክር ነው።

ዕቃውን ለማስመጣት ብቻሽን አትሩጪ። ከሰፈርሽ አራት አምስት ባለሱቅ ጋር ሆናችሁ አንድ ላይ እዘዙ። አከፋፋዩም ዋጋ ይቀንሳል፣ ኪራዩም ይካፈላል። ግን ሁሉንም በአንድ መኪና አትጫኑ፣ በሁለት ይሁን፣ ቀኑም ይለያይ። ሙሉውን ብር አስቀድሞ መላክ አሁን ጊዜው አይደለም። ግማሹን ላኪ፣ ግማሹን ዕቃው ጅማ ሲገባ። የመንገዱን ወሬ ከፌስቡክ አትስሚ፤ መናኸሪያ ሄደሽ ያን ዕለት የገባውን ሾፌር ጠይቂ። ሾፌሩ አልሄድም ካለሽ ደግሞ ኪራይ ጨምሬ ልላክህ አትበይው። እሱ የሚያየውን አንቺ አታዪም። ሳሙናው ይቆያል።

ስለ ዕቁቡ ብዙ አልልም። ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ያተርፋል፣ መጨረሻ የደረሰው ይጎዳል። ግን ጀምረሻል፣ አትውጪ። ከዕቁብ የወጣ ነጋዴ ስሙ ከብሩ በፊት ያልቃል። ዳኛውን አነጋግሪው፣ ዋስ ጠርተሽ ዕጣሽ ቀደም እንዲልልሽ ጠይቂ። ቀድሞ ከደረሰው ሰው ጋር ተስማምተሽ ዕጣውን መግዛትም ይቻል ይሆናል፤ ትንሽ ታጎድይለታለሽ። ይህኛው ሲያልቅ ቶሎ የሚዞር፣ ጥቂት ሰው ያለበት ዕቁብ ግቢ። ብሩ ሲደርስሽ ደግሞ ቀጥታ ወደ ዕቃ። ሶፋ አትግዢበት።

አሁን ባለቤትሽ። ዘግተሽ ባንክ አስገቢው ብሏል። ሰውየው ለአንቺ አስቦ ነው፣ አትቆጪው። ስሌቱ ግን አይሄድም። ባንክ ለቁጠባ ከ7 በመቶ ጀምሮ ወለድ ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነትም ሌላውም ተደራርቦ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንደዚያ ባለ ዓመት 100 ብርሽ 107 ይሆናል፣ የ100 ብሩ ዕቃ ግን 130 ይሆናል። ሱቅሽ በካርቶን ካልጎደለች ከባንኩ ትበልጣለች። በአንድ ነገር ግን እሱ ልክ ነው፤ ሁሉም ብር ዕቃ ላይ መሆን የለበትም። የአንድ ወር የቤት ወጪና የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ባንክ ይቀመጥ፤ ቢቀልጥም ይቅለጥ። «ዶላር ግዢ» የሚልሽም አይጠፋም። በጥቁር ገበያ ያስቀጣሻል፣ ደግሞም አንቺ ባለሱቅ ነሽ፣ ዶላር መደርደሪያ ላይ አይሸጥም።

ስለ ጥሬ ብር ይህን ልጨምር። ቴሌብር ጥሩ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ብር አያሳድርብሽም። ግን በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር አትርሺ። ቴሌብር በኮከብ 127 መሰላል ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ረዳትሽም ይልመደው። ኔትወርኩ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ዝርዝር ብር ያለው ሱቅ ብቻ ነው የሚሸጠው። ዝርዝር አጠራቅሚ። የዋለውን ብር ይዘሽ ማታ ብቻሽን አትሂጂ። ከተማው ውጥረት ካለው 12 ሰዓት ሳይሞላ ዝጊ፤ የሁለት ሰዓት ሽያጭ ምንም አይደለም።

ወሬውንም እንዲሁ። ሱቅ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው፣ ጦርነት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ያወራል። ደንበኛሽ ኦሮሞው አለ፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ እንዲቆጠር አትፍቀጂ። እኔ ወሬው ሲሞቅ «ስንት ኪሎ ነበር ያልሽኝ?» እል ነበር። ይሠራል።

ሱቁን መዝጋት ያለብሽስ መቼ ነው? ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ሁሌ አይዞሽ ማለት ምክር አይደለም። በዛሬ ዋጋ እየሸጥሽ፣ ለቤት ቀንሰሽ፣ ዱቤውን አሳጥረሽ፣ ሦስት ወር ሙሉ የረቡዕ ቁጥርሽ እየወረደ ከሄደ ሱቁ ራሱን መሸከም አልቻለም። ያኔ ዕቃውን ቀስ እያልሽ ሽጪ እንጂ አትተኪ። ዱቤሽን ሰብስቢ። ከዚያ ንግድ ፈቃድሽን መልሺ፣ ገቢዎች ሄደሽም ጨርሺ። በሩን ቆልፎ መሄድ መዝጋት አይደለም፤ ፈቃዱ በስምሽ እስካለ ግብሩ እየተቆጠረ ይጠብቅሻል። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ውሳኔሽ ከታኅሣሥ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ደግነቱ ዱቤ የሚሰበሰብበትም የቡናው ጊዜ ያኔ ነው። ተኩሱ ሰፈርሽ ከደረሰ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ቀረ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ የዱቤ ደብተርሽን ብቻ ያዢ።

ለጊዜው እዚያ አልደረስሽም። በዚህ ሳምንት ረቡዕ ማታ ቁጠሪና ውጤቱን ጻፊልኝ። ረዳትሽንም አብሮሽ ያስቆጥር፤ ስትጠረጥሪው እንደከረምሽ ሳያውቅ ብትታረቂው ይሻላል።

የታፔላው ነገር ግን ይቆይ። ቀለሙም ጨምሯል።